እንደነበረ አድርጎ ማስረከብ

ልጆቼ፣ ቤት መልቀቅ ማለት ዕቃ ጭኖ መሄድ ይመስላችኋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። ዕቃው እኮ ቀላሉ ነው፤ ሁለት ጎረምሳ ተሸክሞ መኪና ላይ ይወረውረዋል፣ እግሩ ለተሰበረ አንድ ወንበር ታዝናላችሁ፣ አለቀ። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ባዶ ቤት ውስጥ በጉልበት ተንበርክኮ፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት የኖሩበትን እንዳልኖሩበት አድርጎ መፋቅ።

አከራያችን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይኼን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ በኋላ በሰው ላይ እንዳትፈርዱ። በአስራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎ አልተናገረንም። ልጁ ሚስትና ሁለት ሕፃናት ይዞ የሚገባበት ቤት አጣ፣ አባትየውም ቤቱን ፈለገው። በቃ። ውላችን ላይ ግን አንዲት መስመር ነበረች፤ «ተከራይ ሲለቅ ቤቱን እንደነበረ አድርጎ ያስረክባል» የምትል። ስንፈርም ማን አያት? ወጣት ነበርን፣ የምናየው መስኮቱን ብቻ ነበር።

እኔ ሥራዬ ቀለም መቀባት ነበር። አርባ ዓመት የሰው ቤት ቀባሁ። እና ያቺ «እንደነበረ» የምትለዋ ቃል ሌላውን ሰው ብታስፈራው እኔን አታስፈራኝም ነበር። የፈለጋችሁትን ግድግዳ ስጡኝ፣ ትናንት የተሠራ አስመስዬ እመልስላችኋለሁ። አሮጌ አድርገው ብትሉኝም አሮጌ አደርገዋለሁ። ያስቸገረኝ በሩ ነው። የመንገዱ በር።

ስለ በሩ ለመናገር ስለ ልጄ መናገር አለብኝ።

የወለድኳቸው ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቋ ልብስ ሰፊ ናት። ታናሹን ቤት ውስጥ ድምቡሼ እንለዋለን። ሕፃን ሳለ ጉንጩ ከኋላው ሆናችሁ ብታዩት እንኳ ይታያችሁ ነበር። አድጎ ቁመቱ ከእኔ ሲያልፍ፣ እንደ መወልወያ እንጨት ሲቀጥንም፣ ድምቡሼ እንደሆነ ቀረ። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላው አእምሮው ታመመ። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጠው። ይውጣል፣ ደህና ይሆናል፤ ደህና ሲሆን «ድኛለሁ» ብሎ ይተወዋል፤ ሲተወው ይሄዳል። የት እንደሚሄድ አናውቅም። ስልክ ብንገዛለት በሳምንቱ ለሰው ይሰጠዋል። ነገር ግን ዝናብ ሲጀምር ይመለስ ነበር። ወር ይቆይ፣ ስድስት ወር ይቆይ፣ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ሲወርዱ ውሃ እያንጠባጠበ በሩ ላይ ይቆማል፤ እናቱ ፎጣ ይዛ ትሮጣለች።

መጀመሪያ ጊዜ የተመለሰ ዕለት እያለቀሰ ነው የገባው። መንገዳችን ላይ በሮቹ ሁሉ ግራጫ ነበሩ፣ አንድ ባለቤት በአንድ ቀን ያስቀባቸው። «አባዬ፣ ሁሉም በር አንድ ዓይነት ነው። የእኛን ቀይርልኝ» አለኝ። የእኛ እየመሰለው የሰው በር ሲያንኳኳ ሦስት ቤት ተቆጥቶ አባሮታል። በማግስቱ አብረን ቀለም ቤት ሄድን፤ እሱ ራሱ መረጠ። የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ። አከራያችን አይቶ ሳቀ፣ «ጋሼ፣ ስትለቁ ትመልሱታላችሁ እንግዲህ» አለ። «እመልሳለሁ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ድምቡሼ አራት ጊዜ ሄዶ አራት ጊዜ ተመልሷል፤ አንድም ቀን ሌላ በር አላንኳኳም።

ልቀቁ የተባልን ጊዜ ደግሞ ሄዶ ስምንት ወር ሆኖት ነበር። አከራያችንን «ዝናብ እስኪገባ ታገሰን» አልነው። ታገሰን። ዝናቡ ዘገየ። ሁለተኛ ለመንነው፤ ታገሰን። ሦስተኛ ለመለመን አፍ አልነበረንም። ልጁ ከነሕፃናቱ በሰው ሳሎን ወለል ላይ ነበር የሚተኛው፣ ያንን እያወቅን እንዴት እንለምን?

ዘዴ አበጀን። ልጄ በደህና ወረቀት ላይ የአዲሱን ቤት አድራሻና ስልካችንን በትልልቁ ጻፈች፣ አራት ቅጂ። አንዱን ለአከራያችን፣ አንዱን ለሚገባው ልጁ፣ አንዱን ጥግ ላይ ላለው መድኃኒት ቤት፣ አንዱን ከበራችን ፊት ለፊት ለሚቀመጠው ጫማ ሰፊ። በግራችን መጋዘን ነው፣ በቀኛችን የትምህርት ቤት አጥር፤ ሌሎቹ ቤቶች ራቅ ይላሉ። ቀኑን ሙሉ መንገዱን የሚያየው ጫማ ሰፊው ነው። ወረቀቶቹን ቁልፍ በምናስረክብበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ እየዞርን እንሰጣለን አልን።

ለምን ቀድመን አልሰጠንም? ይኼ የእኔ ነገር ነው፣ ልንገራችሁ። ጫማ ሰፊው ለሰፈሩ አዲስ ነው፤ ድምቡሼ ከሄደ በኋላ ነው የመጣው። ጨዋታ የሚወድ፣ መዶሻው ከምላሱ ጋር አብሮ የሚሠራ ሰው። አንድ ቀን ሶል እየለጠፈልኝ «አባባ፣ ስንት ልጆች አሉዎት?» አለኝ። እኔም «አንዲት ሴት ብቻ ናት» አልኩት። እንዲሁ ወጣ። ሁለት ብል «ሌላውስ የት ነው? ምን ይሠራል?» ይመጣል፤ ያን ቀን ጉልበት አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ በየቀኑ «የአንዷ ልጅ አባት፣ እንዴት አደሩ!» ይለኛል። እኔም እስቃለሁ። ወረቀቱን ይዤ ልሄድ ስነሳ ውሸቴ ትዝ ይለኝና «ስንወጣ እሰጠዋለሁ፣ ስንወጣ ሁሉንም ነገር እነግረዋለሁ» እላለሁ። እንዲህ እያልኩ የመጨረሻው ቀን ደረሰ።

ዕቃው በዋዜማው ሄደ። በማግስቱ ማለዳ ሦስታችን ባልዲና መወልወያ ይዘን ባዶው ቤት ገባን። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር፤ የዓመቱ የመጀመሪያው።

ሚስቴ በሩ ላይ ቆማ «በሩን መጨረሻ አድርገው» አለችኝ።

«አይሆንም። ዘይት ቀለም ነው። አሁን ካልቀባሁት እስከ አስር ሰዓት አይደርቅም።»

«ባይደርቅስ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ እርጥብ በር አስረክቤ ልሂድ? አርባ ዓመት የሠራሁበት እጅ ነው እኮ።»

ባልዲዋን አንስታ ገባች። ቀለም ቀቢ ሁልጊዜ መድረቅ ያለበትን ያስቀድማል፤ ይኼ የሙያችን ሀሁ ነው። ቢጫውን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁ፣ ግራጫውን በቲነር አቅጥኜ ሁለት እጅ ሰጠሁት። ከዚያ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? አዲስ ሆኖ እንዳያስታውቅ፣ ከሌሎቹ በሮች ጋር እንዲመሳሰል፣ ጥቂት ጥቁር ቀላቅዬ አደበዘዝኩት፣ በጨርቅም ጫን ጫን እያልኩ ማብረቅረቁን ገደልኩት። ወደ መንገዱ ማዶ ተሻግሬ አየሁት። ከመጋዘኑ በር አይለይም። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ሰው እንዳይነካው ከውስጥ ቀረቀርኩት፤ እኛ በጓሮ በኩል እንመላለስ ጀመር። ጫማ ሰፊው ገና አልመጣም ነበር።

ልጄ ማድቤት ያዘች። ከምድጃው ጀርባ ያለው ቅባት የአስራ ዘጠኝ ዓመት ነው፤ ሶዳ ነስንሳ፣ የፈላ ውሃ አፍስሳ በሽቦ ስትፈትገው «አባዬ፣ ይኼ እኮ ቅባት አይደለም፣ ንብርብር ታሪክ ነው» ትላለች። እኔ የሚስማር ቀዳዳዎችን በስቱኮ እየደፈንኩ እቆጥራለሁ። ሠላሳ ሰባት። «ሥዕል የሌለው ቤት ሠላሳ ሰባት ሚስማር ምን ያደርግለታል?» አልኩ። «እማዬ ናታ፣ ቤቱ እንዳይፈርስ በሚስማር ይዛው ነበር» አለች ልጄ። ሳቅን። ያን ቀን ጠዋት ስቀን ነበር።

ሚስቴ የድምቡሼን ክፍል ማንም እንዲነካባት አልፈለገችም። በሩን ገርበብ አድርጋ ብቻዋን ወለሉ ላይ ተንበርክካለች። እዚያ ወለል ላይ እሱ መድኃኒቱን በሻይ እየበጠበጠ ያፈሰሰው ቡናማ እድፍ አለ፤ ትልቅ፣ የሰሃን ያህል።

«እማዬ፣ ለቀቀልሽ?» ትላታለች ልጄ ከማድቤት።

«የት ይለቃል! እንደ አባትሽ ግትር ነው።»

ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «አሁንስ ለቀቀ?»

«ጠርዙ መልቀቅ ጀምሯል።»

ቧንቧው ተከፍቶ ውሃው ባልዲ ላይ ይንጎደጎዳል፣ ሽቦው ይፋጫል፣ እኔ ግድግዳውን በወረቀት እሞርዳለሁ። መስኮቶቹ አቧራ እንዳይገባ ተዘግተዋል። ከውጭ ምንም አንሰማም ነበር። እናንተ ልጆቼ፣ ስንት ጊዜ ያንን ድምፅ በሐሳቤ እየቀነስኩ፣ መጀመሪያ ቧንቧውን፣ ከዚያ ሽቦውን፣ ከዚያ የእኔን ወረቀት፣ ከመንገድ የመጣ ነገር እንደነበር ለመስማት ሞክሬያለሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ ጨረስን። እድፉ ለቀቀ። ሚስቴ ወገቧን ይዛ ወጣችና «ና እየው፣ ምንም የለም» አለችኝ። እውነትም ምንም የለም። ክፍሉን አየሁት፤ ማንም ኖሮበት አያውቅም።

ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ በጓሮ ዞሬ ወደ ጫማ ሰፊው ሄድኩ። በመንገዴ ላይ የምለውን አዘጋጃለሁ። «ወንድሜ፣ አንድ ነገር ዋሽቼሃለሁ» ብዬ እጀምራለሁ። ሳልደርስ እሱ ብድግ አለ።

«አባባ! ከየት መጡ? ትናንት መኪናው ዕቃችሁን ጭኖ ሲወጣ፣ ደህና ሁን እንኳ ሳይሉኝ ሄዱ ብዬ ተቀይሜዎት ነበር እኮ!»

«የት እሄዳለሁ፣ ቤቱን እያጸዳን ነው።»

«ይኼን ሁሉ ሰዓት? ምን ነበር ስታርዱበት የኖራችሁት?» ሳቀ። «እንግዲያው ጠዋት ሰውዬውን አሳስቼዋለሁ።»

«የቱን ሰውዬ?»

«አንድ ትንሽ ነካ ያደረገው ነገር ነው። አምስት ሰዓት ገደማ ይሆናል። መንገዱን ሦስት ጊዜ ወጣ፣ ወረደ። ከዚያ እኔ ጋ መጥቶ ‹ቢጫው በር የት ሄደ?› አይለኝም! በር ይሄዳል እንዴ አልኩት። ለካስ የእናንተን በር ማለቱ ነው። እኔም ዛሬ ስመጣ ግራጫ ሆኖ ሳየው ገርሞኛል። ‹ባለ ቢጫ በሮቹ ለቀዋል› አልኩት።»

እሱ መርፌው ላይ ክር እያስገባ ጨዋታውን ቀጠለ።

«‹የለም፣ የድምቡሼ ቤት ነው› ይለኛል። ድምቡሼ! ለመሆኑ አባባ፣ እዚህ ሰፈር ድምቡሼ የሚባል ሰው አለ እንዴ?»

«ሌላስ? ሌላስ ምን አለህ?»

«‹አባቴ እዚያ ነው የሚኖረው› አለኝ። እኔ ደግሞ ለእርስዎ ብዬ፣ ‹ተው ወንድሜ፣ የእኒያ አባባ ልጅ አንዲት ሴት ብቻ ናት፣ ከራሳቸው አፍ ነው የሰማሁት› አልኩት። ሰው እየመጣ እንዳያስቸግርዎት ብዬ ነው።»

«ምን አለ?»

«‹እሺ› አለና ሄደ።»

ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁ። ጫማ ሰፊው ያን ጊዜ ነው ፊቴን ያየው። መዶሻው ከጭኑ ላይ ወደቀ።

«ሁለት ናቸው» አልኩት። «ልጆቼ ሁለት ናቸው።»

ከዚያ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል አላስታውሰውም። ጫማ ሰፊው ሳጥኑን ከፍቶ ትቶ ወደ አውቶቡስ ማዞሪያው ሮጠ፤ እኔም ከኋላው። ልጄ ከእኔ ሰምታ፣ ለእናቷ ነግራ፣ በጓሮ ወጥታ ወደ ላይኛው መንገድ ሄደች፣ እጇ ላይ ሶዳው እንዳለ። ስንት ሰው ትከሻ ይዤ ወደ እኔ አዞርኩ! ረጅም ቀጭን ያየሁትን ሁሉ። አንዱ «ምን ሆነሃል ሽማግሌው?» ብሎ ገፈተረኝ። ትኬት ቆራጯ ጠዋት የወጡት ስድስት አውቶቡሶች ናቸው አለች፣ ወደ ስድስት ቦታ።

ስመለስ ሚስቴ ለካስ ሁሉንም ከልጄ ሰምታለች። የድምቡሼ ክፍል ደፍ ላይ ተቀምጣ ጨርቅ ትጨምቃለች፤ ውሃ የሌለው ጨርቅ። ቀና ብላ አየችኝ። «በሩን መጨረሻ አድርገው ብዬህ ነበር» ብትለኝ ኖሮ፣ አምላክ ምስክሬ ነው፣ ጫማዋን ስሜ ባመሰገንኳት። አላለችም። እስከ ዛሬም አላለችም። «ዝናቡ ነክቶት ነበር?» አለች ብቻ።

አስር ሰዓት ላይ አከራያችን መጣ። በሩን ዳሰሰ፣ ጣቱን አየ፣ ደርቋል። ማድቤቱን አየ፣ ክፍሎቹን አየ።

«ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ልክ እንደነበረ!»

ልጄ ናት የነገረችው። በሩን ቢጫ አድርጌ ልመልሰው ፍቀድልኝ ልለው ፈልጌ ነበር። ደግሞ ምን ዋጋ አለው? ቀለሙን አጥቶ ብቻ የተመለሰ ሰው አይደለም የጠፋብኝ። መጥቶ፣ አባትህ ወንድ ልጅ የለውም ተብሎ የተመለሰ ሰው ነው። አከራያችን ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። «ከመጣ እኛው ቤት እናስገባዋለን፣ ለልጄም አጥብቄ እነግረዋለሁ» አለ። እውነቱን ነው፣ ያስገቡት ነበር። ወረቀቱን ሰጠነው። ቁልፉንም።

እንግዲህ ሁለት ዝናብ አለፈ። ፖሊስ ጣቢያ፣ ሆስፒታል፣ የማይጠየቅበትን ቦታ ሁሉ ጠይቀናል። በየቅዳሜው እኔና ሚስቴ ሁለት አውቶቡስ ይዘን ወደዚያ መንገድ እንሄዳለን። በሩን አናንኳኳም፤ ሰዎቹ ሲያዩን ይሳቀቃሉ። ጫማ ሰፊው ጋ ነው የምንሄደው። ለእኔ ሳጥን፣ ለእሷ ትራስ ያለው ወንበር ያዘጋጅልናል። እሷም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ትጠይቀዋለች።

«ልጄ፣ ምን ለብሶ ነበር?»

መጀመሪያ ጊዜ «ልብ አላልኩትም፣ እማማ» አላት። ያን ቀን ስትዝል አይቷታል። በሚቀጥለው ቅዳሜ «ኮት ለብሶ ነበር» አላት። ከዚያ ወዲያ ኮቱ ሰማያዊ ሆነ። ሌላ ቀን ቡናማ። ጸጉሩን ተቆርጧል። ወፈር ብሏል። አንድ ቀን ደግሞ ሲሄድ ፈገግ ብሎ እጁን አውለበለበልኝ አላት። ሚስቴ እያንዳንዱን ትቀበለዋለች፣ በአውቶቡስ ስንመለስ ለእኔ ትደግመዋለች፣ እኔ አብሬያት እንዳልነበርኩ ሁሉ። ሰማያዊና ቡናማ መለየት የማልችል ይመስል እኔም «እሰይ» እላለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ጉልበቷን አመማትና አውቶቡስ ማቆሚያው ጥላ ሥር ተቀምጣ ቀረች፤ ብቻዬን ሄድኩ። ይዘንባል። ጫማ ሰፊው ላስቲኩን ወጥሮ ሥሩ ተቀምጧል።

«አንተ ልጅ» አልኩት፣ «ለእሷ የምትላትን በላት፣ እግዜር ይስጥህ። ለእኔ ግን እውነቱን ንገረኝ። ምን ይመስል ነበር? ከስቷል? ፊቱስ?»

የያዘውን ጫማ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«አባባ፣ እኔ ሰው ሲመጣ የማየው ጫማውን ነው። ሥራዬ ነዋ፣ አንገቴን ደፍቼ ነው የምውለው። እሱ ደግሞ ባዶ እግሩን ነበር። ጫማ ስላልነበረው… ቀና ብዬ አላየሁትም።»

እጁን ጨበጥኩትና ተነሳሁ። እኔ እንኳ በራሴ በር ደጅ ቀና ብዬ አላየሁትም።

ማቆሚያው ጋ ስደርስ ሚስቴ ቦታ ለቀቀችልኝ፤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ውሃው በመንገዱ ላይ ይሮጣል።

«ዛሬስ ምን አለህ?» አለችኝ።

«ጫማ አድርጎ ነበር አለኝ።»

«ምን ዓይነት ጫማ?»

«ቡትስ ነው አለ። ጥቁር። ሶሉ ወፍራም።»

አሰበችበት። እጇን በነጠላዋ ታሻለች፣ ጥፍሯ ላይ ያ እድፍ የቀረ ይመስል።

«ጫማ ሰፊ ካለ መቼም ያውቃል» አለች። «ደህና ጫማ ነው?»

«ደህና ነው» አልኳት። «ውሃ አያስገባም።»